ወተት አክታ ያበዛል ወይ?

ሳይንስ የማስተምረው ለስድስተኛ ክፍል ነው። በቅርቡ ስለ ምግብ ዓይነቶች እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ «ወተት» ብዬ ጽፌ፣ ከጎኑ «ካልሲየም፤ ለአጥንትና ለጥርስ» የሚለውን ሳልጨርስ ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እናቴ ግን ወተት አክታ ያበዛል ትላለች። ወንድሜ ስላሳለው ከልክላዋለች።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ግማሹ «እውነት ነው፣ የኛም ቤት!» ሲል ግማሹ ይስቃል። ጠመኔውን አስቀምጬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መምህር ከመሆኔ በፊት የጤና ረዳት ነበርኩ፤ በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ እንደዚህ ጥያቄ ያስለፋኝ፣ ያሳፈረኝና መጨረሻው ላይ ያስደሰተኝ ነገር የለም። ደወሉ እስኪደወል ተረኩላቸው። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ሁለት ክፍል ባላት ክሊኒክ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ዝግ ያሉ ሽማግሌ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበሩ። መርፌ ሊወጉ ሲሉ ስለ መርፌው አያወሩም። «አባቴ፣ ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ይዞላችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ገበሬው ስለ ጤፉ መልስ ሳይጨርስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። ከእሳቸው የተማርኩት ይህንን ነው፤ አሁንም ክፍል ውስጥ ከባድ ትምህርት ሳስተምር በጤፍ በኩል ዞሬ እገባለሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ለቤት ኪራይና በዓመት አንድ ጫማ ለመግዛት ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወደ መርካቶ ተዛወርኩ። ጤና ጣቢያችን በጎጃም በረንዳና በበርበሬ ተራ መካከል፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። መርካቶ በሽተኛው ሁሉ ከነሥራው ነው የሚመጣው። ከሸማ ተራ የሚመጡት ልብስ ሰፊዎች ዓይናቸውን፣ ተሸካሚዎቹ ወገባቸውን፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ጆሯቸውን ይላሉ። አዲስ የመጣሁ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሳስነጥስ ዋልኩ። ከዚያ ለመድኩት። በርበሬ ተራ አጠገብ የሚሠራ ሰው አፍንጫ በርበሬን ከሽታ ቆጥሮ አያውቅም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር የሺ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ። ሕፃን ሲመረምሩ የማዳመጫውን ጫፍ መጀመሪያ በመዳፋቸው ያሞቁታል፤ «ቀዝቃዛ ብረት ደረትህ ላይ ቢያርፍ አንተስ አታለቅስም?» ይሉኛል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። በሽተኛ ማውራት ሲጀምር ያስቆሙትና «አትንገረኝ፣ አድርገህ አሳየኝ» ይላሉ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ልማድ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ተሸካሚ የሳል ሽሮፕ ወስዶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አልዳነም፤ መድኃኒቱም አልቋል። እኔ ሌላ ልጽፍለት እስክሪብቶ አንስቻለሁ።

«እንዴት እንደምትጠጣው አሳየኝ» አሉት ሲስተር።

ሰውዬው ወደ በሩ ዞሮ ጮኸ፦ «ኑ እንጂ!» ውጪ ይጠብቁት የነበሩ አራት ጓደኞቹ ገቡ። ባዶውን ጠርሙስ እንደሞላ አድርጎ በክዳኑ እየቀዳ ለእያንዳንዳቸው አዞረ። መጨረሻ ላይ ለራሱ ቀዳ።

«ለብቻ መጠጣት ነውር ነዋ፣ ሲስተር!» አለ።

ሲስተር ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልማዳቸውን አልናቅኩትም።

አሁን ወደ ወተቱ።

በየሳምንቱ አንድ ቀን የእናቶች ቀን ነበረን። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ያስለፍፍልናል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ሚዛን፣ ክትባት፣ ከዚያም ትምህርት። ከሚመጡት መካከል ጥሩወርቅ የምትባል ከጎጃም የመጣች ወጣት እናት ነበረች። ባሏ ጋሼ ወልዴ ከጉራጌ አገር ነው የመጡት፤ በበርበሬ ወፍጮ ቤት ይሠራሉ። ልጃቸው አስቴር በዕድሜዋ መሮጥ የሚገባት ነበረች። ስናያት ግን ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄድና ቁጭ ትላለች። እግሮቿ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፤ የእጇ አንጓ አብጧል። አጥንቷ ለስልሶ ነበር።

ይህ በሽታ የሚመጣው እንዴት ነው? አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየም ነው። ካልሲየም ደግሞ ከምግብ ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ በሚሠራው ቫይታሚን ዲ ነው። አስቴር ሁለቱንም በቅጡ አላገኘችም። ደረቷ ሲር ሲር የሚል፣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ስለነበረች እናቷ ብርድ እንዳይመታት ከቤት አታወጣትም። ወተትም ከልክላታለች።

«ወተት ለምን ከለከልሻት?» አልኳት።

«በዓይኔ አይቼ ነዋ! አባቷ ማታ ማታ ወተት ይዞላት ይመጣል። ኩባያውን ሳትጨርስ ያፍናታል፣ ደረቷ ያፏጫል፣ ንፍጥ በአፍንጫዋ፣ አክታ በጉሮሮዋ። ወተቱን ያቆምኩ ዕለት ሳሉም ቆመ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤቷ እትዬ ዝናሽ ደገፏት። እትዬ ዝናሽ ቅመም ቸርቻሪ ናቸው፤ ምላሳቸውም እንደሚሸጡት ሚጥሚጣ ነው።

«ትንሹ ዶክተር፣ አንተ ከመወለድህ በፊት ወተት አክታ ያበዛ ነበር» አሉኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወተት ሲሰጣት አመማት፣ ሲቆም ተሻላት። ነገሩ ቁልጭ ያለ ይመስላል። ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይህንን ሰምቷል። ልጁ ያሳለው ሁሉ ወተት ይከለክላል፤ የአስቴርን ስም እየጠራ።

ሲስተር የሺ ግን አልተቀበሉትም። በሚቀጥለው የእናቶች ቀን አንድ ኩባያ ወተት ይዘው እናቶቹ ፊት ቆሙ። ተጎነጩና ዋጡ። «አሁን ጉሮሮዬ ላይ ወፍራም ነገር ተለጥፎ ይሰማኛል» አሉ። እናቶቹ «አዎ! አክታው!» ብለው ተንጫጩ። ሲስተር ውሃ ተጎነጩ። «አሁን የለም። አክታ በውሃ ይሄዳል? ይህ ወተቱ ራሱ ነው፤ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ወፍሮ ነው እንጂ ደረት ውስጥ አዲስ አክታ አልፈጠረም።» እናቶቹ በተራ እየተጎነጩ ሞከሩት። እትዬ ዝናሽ ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ወተቱ ስለጣማቸው ይመስለኛል።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «አስቴርስ?»

ሲስተር ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። «ትፈቅጂልኛለሽ? እዚሁ እኛ ፊት ትጠጣ። መድኃኒቱም፣ እኔም አለሁ።»

ጥሩወርቅ አመነታች። ልጇን አየች፣ እግሯን አየች። «አባቷ ይምጣ» አለች። «ያለ እሱ ወተት አትጠጣም።»

ጋሼ ወልዴ ከወፍጮ ቤት ተጠርተው ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። በወተት ያላደገ ልጅ ምን አጥንት አለው ብለው ከሚስታቸው ጋር ሲከራከሩ የከረሙ ሰው ናቸው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህ ካለች አንዲት ባለ ላም በየማታው ወተት የሚገዙላት እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው፣ ፊታቸውን እስከ አንገታቸው ታጥበው ተቀመጡና አስቴርን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሲስተር ደረቷን አዳመጡ። ንጹሕ ነው። ጥሩወርቅ ልጇን በአባቷ ካፖርት ሸፋፈነቻት፣ ኩባያው ቀረበ፣ አስቴር ጠጣች።

ግማሹን ሳታደርስ ሳለች። ከዚያ ደግማ ሳለች። ደረቷ ማፏጨት ጀመረ፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ሲስተር ነጥቀው ወደ ክፍላቸው አስገቧት፣ እኔ መድኃኒቱን አቀረብኩ፤ ቆይቶ ተረጋጋች። ወደ ግቢው ስመለስ እትዬ ዝናሽ ቆመው ነበር።

«ሲስተር ብዙ አስተማሩን፤ ልጅቷ ደግሞ በአንድ ሳል ፈተናውን አረመችው!»

አሁን እትዬ ዝናሽን መውቀስ አልችልም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ጋሼ ወልዴ ግን ኩባያውን እንደያዙ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጥሩወርቅ ልጇን አዝላ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

በቀጣዩ የእናቶች ቀን አግዳሚው ባዶ ነበር። ወተት ብቻ ሳይሆን ክትባትም ቀረ። «ጤና ጣቢያው ልጅ ሊገድል ነበር» የሚል ወሬ በየተራው ዞረ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥተው፣ «ጓድ ሲስተር፣ ስለ ወተቱ ትምህርት ለጊዜው ብናቆመውስ?» አሉ። ሲስተር «እሺ» ብለው ሸኟቸውና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ጫማቸውን አልወለወሉም ነበር።

«ምናልባት ወተቱ በእውነት የማይስማማት ልጅ ትሆናለች» አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉና።

«አሉ። ግን እነሱ ቆዳቸው ሽፍ ይላል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሆዳቸው ይላወሳል። እሷ ሳል ብቻ ነው። ደግሞ ጥሩወርቅ ስለ ቅቤና አይብ ምን ነበር ያለችህ?»

«አልፎ አልፎ ቀን ላይ ጥቂት ታቀምሳታለች። ምንም አትሆንም ብላኛለች።»

ሲስተር ቀና አሉ። «ታዲያ ይሄ አክታ የሚያበዛው ማታ ብቻ ነው? እኛ ይሄን ሁሉ ሳምንት ስናወራ ከረምን እኮ። ቤታቸው ሄደን ‹አሳዩኝ› አላልናቸውም።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ጋሼ ወልዴ ከወፍጮ ቤት ግማሽ ቀን ሠርተው በሚገቡበት ሰዓት ቤታቸው ሄድን። አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለጠፈ፣ ወለሏ የተጠረገ። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለች።

«ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ልጄን ግን ዳግመኛ አልሰጥም።»

«ወተት አላመጣሁም፤ እይኝ» አሉ ሲስተር እጃቸውን ዘርግተው። «ማታ ማታ እንዴት ታጠጧት እንደነበር በባዶ ኩባያ አሳዩኝና እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወተት አፌን አልከፍትም።»

እትዬ ዝናሽ ድምፅ ሰምተው ከጎረቤት መጡ። «በባዶ ኩባያማ ምን አለበት? ግቡ፣ ግቡ!» ብለው ቤቱ የእሳቸው ይመስል አስገቡን።

ጋሼ ወልዴ እያፈሩ ጀመሩ። መጀመሪያ ከውጭ እንደሚገባ ሰው ገቡ። ካፖርታቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጣሉ። እጃቸውንና ፊታቸውን ታጠቡ። ከዚያ ተቀመጡና «ነይ እሙዬ» አሉ። አስቴር ለጨዋታው ደስ ብሏት በአራት እግሯ እየዳኸች ጭናቸው ላይ ወጣች። ጥሩወርቅ ካፖርቱን ከአልጋው አንስታ ከአናቷ ጀምራ ሸፈነቻት፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ ሲስተር።

«ወተት የጠጣ ሰው ብርድ ካገኘው ወተቱ ደረቱ ላይ አክታ ሆኖ ይቀራል» አለች ጥሩወርቅ። «እናቴም እንዲህ ሸፍና ነው ያሳደገችኝ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ነው እንግዲህ የሚያማት!»

ባዶው ኩባያ ወደ አስቴር አፍ ተጠጋ። «ፉት!» አሏት አባቷ። «ፉት!» ብላ አስመሰለች። ሳቅን። ሌላ ፉት አለች።

ሳለች።

ደግማ ሳለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሲስተር ብድግ ብለው ካፖርቱን ገፈፉና ልጅቷን ወደ ደጅ ይዘዋት ወጡ።

እትዬ ዝናሽ ኩባያውን ከጋሼ ወልዴ እጅ ወስደው ወደ ውስጡ አዩ። ገለበጡት። አራገፉት። ምንም ጠብ አላለም።

«ባዶ ኩባያም አክታ ያበዛል እንዴ?» አሉ።

እኔ ካፖርቱን አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኩት። የሰልባጅ ካፖርት ነው፤ ወፍራም፣ ጸጉራም፣ ከተገዛ ጀምሮ ውሃ ያልነካው። አንድ ጊዜ አራገፍኩት። ከእኔ እስከ ደጁ ድረስ ያለው ብርሃን ቀላ። ለምጄዋለሁ ያልኩት አፍንጫዬ ከዳኝና አስነጠስኩ፤ እትዬ ዝናሽ አስነጠሱ፤ ደጅ ያሉት ሲስተርም «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብለው ሳይጨርሱ አስነጠሱ።

«ካፖርትህን ወፍጮ ቤት የት ነው የምታስቀምጠው?» አሉ ሲስተር ተመልሰው ሲገቡ።

«ከወፍጮው አጠገብ ሚስማር አለ» አሉ ጋሼ ወልዴ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ነኛ? ሲስተር፣ ልጄን ሳፍናት የከረምኩት እኔ ነኝ?»

«ሚስማሩ ነው!» አሉ ሲስተር ቆጣ ብለው። «አንተማ ወተት ያመጣህ ነህ።»

ተማሪዎቼን እዚህ ላይ ቆም አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጥሩወርቅ የተሳሳተችው ምኑ ላይ ነው? ያየችው እውነት ነው። ወተቱ ሲቆም ሳሉም ቆሟል። ግን ወተቱ ሲቆም አብሮ የቆመ ሌላ ነገር ነበር፤ ያለ ወተት ካፖርት የሚያስፈልጋት የለምና ካፖርቱም አልጋው ላይ ቀረ። ሁለት ነገሮች አብረው ከመጡና አብረው ከሄዱ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማስቀረት ያስፈልጋል። አክታን ፈርታ ያደረገችው ጥንቃቄ ራሱ ነው የልጇን ትንፋሽ የዘጋው። አስም ያለበት ልጅ ደግሞ የበርበሬ ብናኝ፣ አቧራና ጭስ ከማንም በፊት ይሰማዋል።

ያኔውኑ ጋሼ ወልዴ ልብሳቸውን ቀይረው ወተት ሊገዙ ሮጡ። አስቴር አርፋ፣ ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ ደጅ፣ ንጹሕ ሸሚዝ በለበሱ አባቷ ጭን ላይ፣ ያለ ካፖርት ጠጣች። ጥሩወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ኩባያው አለቀ። ጠበቅን። ሲስተር ማዳመጫውን አሙቀው አዳመጡና ለእትዬ ዝናሽ ሰጧቸው። እሳቸው መሣሪያውን ገፍተው ጆሯቸውን በቀጥታ ልጅቷ ደረት ላይ ለጠፉ።

«ልቧ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል፤ በርበሬው ነው አሉን።

ጥሩወርቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ መሳቅ የረሳች ሰው ሲስቅ እንደሚሆነው ትንሽ እየተደናቀፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከሆስፒታል የቫይታሚን ዲ ጠብታ ታዘዘላት፤ ጠዋት ጠዋት እግሯን ገልጠው ፀሐይ ላይ ያስቀምጧታል፤ ማታ ወተት። የእናቶች ቀን አግዳሚውም ሞላ። እንዲያውም ለማስተማር እትዬ ዝናሽ ቀደሙን፦ «ወተቱን ከመክሰስሽ በፊት ካፖርቱን አራግፊ!» ወተት መግዛት ለሚቸግራቸው ሲስተር ሌላ መንገድ ያሳያሉ፤ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ጤፉም ቢሆን ካልሲየም አለው። ጾም የያዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

እኔም ያን ዓመት ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል ማስቆጠር ጀምሬ ነበር። ጠመኔ ስይዝ ሰዓቱ አይታወቀኝም። የመምህራን ማሠልጠኛ ዕድል ሲመጣ ለሲስተር ነገርኳቸው። «መርፌ ከመውጋት ማውራት እንደምትወድ ድሮም አውቅ ነበር» አሉና መረቁኝ።

ልሰናበት በዞርኩበት ቀን ወደ ጥሩወርቅ ቤት መንገድ ገባሁ። ማታ ሊሆን ሲል ነው። ጋሼ ወልዴ ከወፍጮ ቤት እየተመለሱ ናቸው፤ ከነቱታቸው፣ ከነጫማቸው ቀልተዋል። ከሰፈሩ የቦኖ ውሃ ሳይታጠቡ ልጃቸውን እንዳይነኩ ሕግ ወጥቶባቸዋል። አስቴር ከበሩ አየቻቸው።

«አባዬ!»

ግድግዳ አልያዘችም። እግሯ ገና ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ግን ትሮጣለች፣ በቀጥታ ወደ እሳቸው። ጋሼ ወልዴ ደንግጠው ቆሙ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አሉ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ዞሮ ከሦስት ዓመት ልጅ መሸሽ ጀመረ። ወደ ቦኖው፣ በጠመዝማዛው መንገድ፣ እየሳቀም እያለቀሰም። ጋሪ ገፊዎቹ ቆመው መንገድ ለቀቁላቸው። እትዬ ዝናሽ ቅመማቸውን ጥለው ተነሱ።

«ወልዴ፣ ሩጥ!» ጮኹ በሙሉ ድምፃቸው። «ሩጥ እንጂ፣ ደረሰችብህ!»